የትንኟ ጡንቻ እንዴት ይገነባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ላሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማጠናከሪያ እሰጣለሁ። ስወርድ እጄ ላይ የማርማላታ ጠርሙስ አይጠፋም። ውስጡ የተላጠ ሙዝ፣ አፉ ላይ በላስቲክ የታሰረ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ሙዙ ላይ ትንኞች። አንድ ቀን የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ላስቲኩ ተበጠሰና ሚኒባሱ በትንኝ ተሞላ። ረዳቱ «ለእነዚህም ሒሳብ ትከፍላለህ» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን ከምራቸው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አስተማሪ ሆነህ ትንኝ ምን ያደርግልሃል?» ኮምቦልቻ እስክንደርስ ስመልስ ቆየሁ። የእሳቸውም የተማሪዎቼም ጥያቄ ያው መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይቺ ትንኝ የትኛዋ ናት? ማንጎ የምታበላሸዋ ነች እንዴ?

አይደለችም። ኮምቦልቻ ላይ ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም። ማንጎ የምታስተላው ትልቅ ናት፤ የቤት ዝንብን ታክላለች። የጤነኛ ፍሬ ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ውስጥ ትጥላለች። ገበሬውን የምታከስረው እሷ ናት። የእኛዋ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። ዓይኗ ቀይ ነው። የምትፈልገው አልፎበት መፍላት የጀመረ ፍሬ ነው፤ እሱንም ላዩ ላይ ላለው እርሾ ብላ። የጠላ ጋን ሲከፈት ከየት መጣች ሳትባል ከተፍ የምትለው፣ ኮምጣጤ የነካው ብርጭቆ ጫፍ ላይ የምትዞረው እሷ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ነው።

ግራ መጋባቱ የመጣው ሁለቱንም «የፍራፍሬ ዝንብ» ስለምንላቸው ነው። እኔ እዚህ ትንኝ እላታለሁ። እናቶቻችንም የሚሏት እንደዚያ ነው።

በግ እያለ፣ አይጥ እያለ፣ ለምን ትንኝ?

በግ አምስት ወር ታረግዛለች። ትንኟ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። አንድ ሙዝ ለመቶዎቹ ቀለብ ነው። ጂኖቿን የተሸከሙት ክሮሞሶሞች 4 ጥንድ ብቻ ናቸው። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በጠርሙስ ከሚያረባቸው ቀይ ዓይኖች መሐል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አገኘ። ከዚያ ተነስቶ ጂን ክሮሞሶም ላይ እንደሚቀመጥ አሳየ፤ በ1933 ኖቤል ተሸለመ። ሙሉ ጂኖሟ፣ ማለትም የዲኤንኤዋ ጠቅላላ ጽሑፍ፣ በ2000 ይፋ ሆነ። ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቿ 14,000 ገደማ ናቸው። የእኛ 20,000 ገደማ። ይሄን ስናገር ክፍሉ ትንሽ ይከፋዋል፤ ከትንኝ ብዙ የምንርቅ መስሎት ነበር። ሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጡ ከሚታወቁት ጂኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ እሷ ዘንድ ዘመድ አላቸው።

ለጡንቻ ጥናት ግን ሌላም ምክንያት አለ። እኔን የማረከኝ እሱ ነው። የእጯ፣ ማለትም ከእንቁላል የምትወጣው ትል፣ ሆድ በክፍል በክፍል የተቀጠለ ነው። በአብዛኛው የሆድ ክፍል በግራ 30፣ በቀኝ 30 ጡንቻ አለ። እያንዳንዱ ጡንቻ አንድ ክር ብቻ ነው። የራሱ ቦታ፣ የራሱ ቅርፅ፣ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ አንድ ጂን ሲበላሽ «ጡንቻዋ ደከመ» ተብሎ አይታለፍም። «ቁጥር 12 የለም» ይባላል። እንደ ክፍል ስም ጥሪ ነው፤ የቀረው ወዲያው ይታወቃል።

ቲቸር፣ ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ጂን ካለው ጡንቻው በምን ተለየ?

በሚነበበው።

የዓይን ሴል ውስጥ ማዮሲን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን አለ። ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው። ግን ያንን የጡንቻ ማዮሲን እዚያ የሚያነበው የለም። ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ሌት ተቀን ይነበባል።

ጂን ሲነበብ መጀመሪያ አርኤንኤ የሚባል ግልባጭ ይወጣለታል። በግልባጩ ፕሮቲን ይሠራል። ግልባጭ ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ከጂኑ አጠገብ፣ አንዳንዴም በጣም ራቅ ብሎ የተቀመጠ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ኢንሃንሰር ይሉታል። ግድግዳ ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አስቡ። ራሱ ብርሃን አይሰጥም፤ አምፖሉን ግን ያዘዋል። ማብሪያውን የሚጫኑት ጣቶች ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዱ ጣት ዲኤንኤው ላይ የሚያውቃትን አጭር የፊደል ድርድር ፈልጎ ይቀመጥባታል።

አንድ ጂን አንድ ማብሪያ ብቻ አይኖረውም። ልብ ውስጥ የሚያበራው ሌላ፣ ነርቭ ውስጥ የሚያበራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጣቶቹም እኮ ራሳቸው ከጂን የተሠሩ ናቸው። እነሱንም ሌላ ጣት አብርቷቸዋል። እዚህ ላይ ስደርስ «ታዲያ የመጀመሪያውን ማን አበራው?» የሚል ልጅ አይጠፋም። የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ኋላ ወንበር የሚቀመጠው ነው።

እሺ፣ የመጀመሪያውን ማን አበራው?

እናትየዋ።

እንቁላሉ ገና ሳይጣል እናቲቱ ስንቅ ትቋጥርለታለች። ከስንቁ አንዱ ዶርሳል የሚባል ፕሮቲን ነው። እንቁላሉ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ አለ። ወደ ኒውክለስ (ዲኤንኤው ወደሚቀመጥበት የሴሉ እምብርት) ገብቶ ሥራ የሚጀምረው ግን በሆድ በኩል ነው። ወደ ጎን ሲኬድ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጀርባ ላይ ምንም አይገባም። ብዙ ዶርሳል የገባባቸው ኒውክለሶች ትዊስትና ስኔይል የሚባሉ ሁለት ጂኖችን ያበራሉ። ትዊስት የጡንቻን መንገድ ይከፍታል። ስኔይል ደግሞ የነርቭ ጂኖች እዚያ አካባቢ እንዳይነበቡ ያፍናል። አንዱ ያዛል፣ አንዱ ይከለክላል። ተማሪ ሁሌ የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። ጡንቻ ለመሆን ሌላ ነገር አለመሆንም ያስፈልጋል።

እንቁላሉ ከተጣለ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆነው 6,000 ያህል ሴሎች አሉት። ሁሉም ላይ ላዩን በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ያኔ ሆድ በኩል ያሉት 1,000 ያህሉ በአንድ መስመር ሰርጎድ ይሉና ወደ ውስጥ ይገባሉ። የተቦካ ሊጥ በእጅ ጠርዝ ጫን ሲሉት እንደሚሰምጠው ነው። ውስጥ የገባው ንብርብር ሜሶደርም ይባላል። የሰውነቱም፣ የአንጀቱም፣ የልቡም ጡንቻ የሚወጣው ከእሱ ነው። ትዊስት ከተበላሸ ሜሶደርሙ አይሠራም፤ ፅንሱ ተጠማዝዞ ይቀራል። የጂኑ ስም «ጥምዝ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያሉ ጂኖችን አንድ በአንድ አበላሽተው ፅንሱ ምን እንደሚሆን ያዩት ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ ናቸው። በ1995 ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል።

ልብ ከሌላው ጡንቻ እንዴት ይለያል?

ትዊስት ቲንማን የሚባል ጂን ያበራል። መጀመሪያ ሜሶደርሙ ሁሉ ላይ ይበራል። ቆየት ብሎ ከላይ ያለው ቆዳ በጀርባ በኩል ዲፒፒ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይልካል። ያ መልእክት የደረሳቸው ሴሎች ቲንማንን እንደበራ ያቆያሉ፤ ሌሎቹ ላይ ይጠፋል። ልቡ ከበራባቸው ይሠራል። ቲንማን የሌላት ትንኝ ልብ የላትም። ስሙ የመጣው ልብ ከሌለው የቆርቆሮ ሰው ነው፤ በፈረንጅ ልጆች ተረት ውስጥ ያለ።

በሌሎቹ ሴሎች ላይ ደግሞ የትዊስት መጠን ራሱ ይናገራል። ብዙ ትዊስት ያለበት ሴል የሰውነት ጡንቻ ይሆናል። ያነሰበት ወደ አንጀት ጡንቻ ያዘነብላል። ልክ እንደ በርበሬ ነው፤ ቅመሙ አንድ፣ ወጡ ግን እንደ መጠኑ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጡንቻ አንድ ጂን አለ ማለት ነው?

የለም። እንዲያ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል፣ ትምህርቱም አሰልቺ ይሆን ነበር።

ሰፈራችን ያለውን የቅሬ (የእድር) ሣጥን አስቡ። ገንዘብ ያዡ አንድ ቁልፍ አለው፣ ጸሐፊው አንድ፣ ሊቀመንበሩ አንድ። አንዱ ሐዘን ቤት ቢቀር ሣጥኑ አይከፈትም። ኢንሃንሰርም እንደዚያ ነው። ብዙዎቹ በአንድ ጣት አይበሩም።

በደንብ የተጠናው ምሳሌ ኢቭን ስኪፕድ የሚባለው ጂን ነው። በጀርባ በኩል፣ በየክፍሉ፣ ጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ ይበራል። ከእነሱ አንድ የታወቀ ጡንቻና ልቡን የሚያጅቡ ሴሎች ይወጣሉ። በ2000 የወጣ ጥናት ማብሪያው 5 ቁልፍ እንዳለው አሳየ። ሁለቱ የቤት ልጆች ናቸው፦ ትዊስትና ቲንማን። የሴሉን ዘር ይመሰክራሉ። ሦስቱ ከውጭ በሚመጣ መልእክት የሚነሱ ናቸው። አንደኛው ዲፒፒ ነው፤ በፅንሱ ርዝመት፣ ከራስ ወደ ጭራ ተዘርግቷል። ሁለተኛው ዊንግለስ ነው፤ አግድም፣ በየክፍሉ አንድ አንድ መስመር። ሸማኔ ቤት ያደገ ልጅ ወዲያው ይገባዋል፤ አንዱ ድር ነው፣ አንዱ ማግ። የሚሻገሩበት ነጥብ ላይ ብቻ ሁለቱም አሉ። ሦስተኛው «ራስ» (Ras) በሚባል የመልእክት መስመር የሚመጣ ነው፤ ነጥቡን ያጠበዋል። አምስቱ ማብሪያው ላይ ሲገናኙ ጂኑ ይነበባል። አንዱ ከጎደለ የለም።

ግን ነጥቡ ላይ ያሉት ሴሎች ከአንድ በላይ ናቸው። ሁሉም ቁልፉ አላቸው። ማን ይለፍ? እዚህ ኖች የሚባል ፕሮቲን ይገባል። አንደኛው ሴል ትንሽ ጎላ ሲል ጎረቤቶቹን በኖች በኩል «እናንተ ቆዩ» ይላቸዋል። እነሱ ዝም ሲሉ እሱ የባሰ ይጎላል። መጨረሻ ላይ አንዱ ያልፋል። ኖች የተበላሸበት ፅንስ ውስጥ ሁሉም ያልፋሉ፤ መሪ በዝቶ ሥራ የሚሠራ ይጠፋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ስብሰባ ሄዶ አያውቅም።

ያለፈው ሴል ምን ይሠራል?

ደቦ ይጠራል። ነገሩ ሁሉ ከዚህ በኋላ ያምራል።

ያለፈው ሴል ለሁለት ይከፈልና መሥራች ሴሎች ይወጡታል። አንድ መሥራች፣ አንድ ጡንቻ። ያላለፉት ደግሞ ተቀላቃይ ሴሎች ይሆናሉ። መሥራቹ ላዩ ላይ ደምፋውንድድ የሚባል ፕሮቲን ያወጣል። ተቀላቃዩ ስቲክስ ኤንድ ስቶንስ የሚባል አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ይያያዛሉ። ተቀላቃዩ ጣት መሰል ነገር እየገፋ ወደ መሥራቹ ይገባል። ግድግዳቸው ይከፈታል። ሁለቱ ሴሎች አንድ ይሆናሉ፤ ኒውክለሶቻቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ ሌላ ይመጣል፣ ሌላም። ትንሹ ጡንቻ 2 ወይም 3 ኒውክለስ ይበቃዋል፤ ትልቁ 25 ገደማ ይደርሳል።

አሁን ደቦው የት ነው? ደቦ የመጣ ሰው የሚያርሰው የጠሪውን ማሳ ነው። ጤፍ ከሆነ ጤፍ፣ ስንዴ ከሆነ ስንዴ። «የኔ ማሳ ሽንብራ ነው» አይልም። ተቀላቃዩ ሴልም እንደዚያ ነው። ሲገባ ስለየትኛው ጡንቻ ምንም አያውቅም። ከገባ በኋላ ግን ኒውክለሱ መሥራቹ የሚያነባቸውን ጂኖች ማንበብ ይጀምራል። መሥራቹ ክሩፔል የሚባለውን ጂን የሚያነብ ከሆነ እሱም ክሩፔል ያነባል። የጡንቻው ማንነት ያለው መሥራቹ ውስጥ ነው።

ይሄ ግምት አይደለም። ሴሎቹ መቀላቀል የማይችሉባቸው ትንኞች አሉ። በእነሱ ውስጥ መሥራቹ ብቻውን ይቀራል። ደቦው ስላልመጣ አይተኛም፤ ባለችው አንድ ኒውክለስ ተለጥጦ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ ሚጢጢ ጡንቻ ይሠራል። ምስሉን መጀመሪያ ሳየው ልቤ ነው የተነካው። ለሴል መራራት ይቻላል ወይ ካላችሁኝ፣ ይቻላል።

የመሥራቾቹ መለያ የጂኖች ቅይጥ ነው፦ ክሩፔል፣ ስላውች፣ አፕተረስ፣ ቬስቲጂያል፣ ኮሊየር እና ሌሎችም። እህትማማች ከሆኑ ሁለት መሥራቾች አንዷ ላይ ክሩፔል ሲበራ አንድ ዓይነት ጡንቻ ትሆናለች፣ ሲጠፋ ሌላ። ሙሉ ዝርዝሩን ለፈተና እንዳትሸመድዱት። ዋናው ቅይጡ ነው።

የሁሉ አለቃ የሆነ አንድ ጂን የለም?

ይሄን የሚጠይቁት ስለ ማዮዲ ያነበቡ ልጆች ናቸው። በ1987 ተመራማሪዎች ማዮዲ የሚባለውን አንድ ጂን ተራ የአይጥ ሴል ውስጥ አስገብተው ሴሉን ጡንቻ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው አለቃ ፈላጊ ሆነ። የትንኟ ማዮዲ ናውቲለስ ይባላል። እሱ ሲጠፋ ግን ጥቂት ጡንቻዎች ብቻ ናቸው የሚጎድሉት። ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። አለቃ የተባለው ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ።

ለአለቃነት የሚቀርበው ሜፍ2 የሚባለው ጂን ነው። ትዊስት ያበራዋል። ሜፍ2 የማዮሲንና የሌሎችን የጡንቻ ዕቃዎች ጂን ያስነብባል። በ1995 ሜፍ2 የሌላቸው ፅንሶች ታዩ። መሥራቾቹ ነበሩ፣ ቦታቸውን ይዘዋል፣ የመለያ ጂናቸውም በርቷል። ጡንቻ ግን አልሆኑም። ድንኳኑ ተተክሎ፣ እንግዳው ተቀምጦ፣ ምግቡ ያልመጣበት ሠርግ ማለት ነው። እንግዲህ ሜፍ2 «ምን ዓይነት ጡንቻ» የሚለውን ለብቻው አይመልስም፤ «ጡንቻ ሁን» የሚለውን ግን ያለ እሱ የሚፈጽም የለም።

ትሏ የምትሳበው በሌላ ጡንቻ፣ ትንኟ የምትበረው በሌላ ጡንቻ ነው?

አዎ። ፒውፓ ውስጥ፣ በዚያች ቡናማ ቅርፊት ውስጥ፣ አብዛኛው የእጭ ጡንቻ ይፈርሳል። አዲሱ የሚሠራው ተጠብቀው ከቆዩ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ከፅንስ ጀምረው ትዊስትን እንዳበሩ፣ ጡንቻ ሳይሆኑ፣ ቁጭ ብለው ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ አይፈርስም። ደረት ላይ በግራ 3፣ በቀኝ 3 የእጭ ጡንቻዎች ይተርፋሉ። ተጠባባቂዎቹ ሴሎች እነሱ ላይ ይሰፍራሉ። ሦስቱ እያንዳንዳቸው ይሰነጠቁና 6 ይሆናሉ። ክንፍ ወደ ታች የሚመታው ትልቁ ጡንቻ ይሄ ነው። አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ ምሰሶውን አስቀርተው አዲሱን በእሱ ላይ እንደሚሠሩት።

የመብረሪያው ጡንቻ ከእግሩ ጡንቻ በጣም ይለያል። ትንኟ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ክንፏን ትመታለች። ነርቭ በዚያ ፍጥነት አያዝም። ነርቩ አልፎ አልፎ ብቻ ይነካዋል፤ ከዚያ አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒውን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠው ደግሞ በመለጠጡ ምክንያት ይኮማተራል። አንዴ ከተነሳ በራሱ ይሄዳል።

ይሄን ልዩነት የሚያመጣው ማነው? በ2011 ስፓልት ሜጀር የሚባል ጂን ተገኘ። እሱን ከበረራው ጡንቻ ላይ ሲያጠፉት ጡንቻው የእግር ዓይነት ሆነ፤ ትንኟ መብረር አቃታት። እግር ላይ ሲያበሩት ደግሞ የእግሩ ጡንቻ የበረራ ዓይነት መልክ ያዘ። አለቃ ፈላጊዎች እዚህ ትንሽ መካስ ትችላላችሁ።

ስፓልት የሚሠራው በከፊል አረስት በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው። አረስት ጂን አያበራም አያጠፋም። የወጣውን የአርኤንኤ ግልባጭ የትኛው ቁራጭ ይቅር፣ የትኛው ይቀጠል የሚለውን ይወስናል። ከአንድ ጂን ለእግር አንድ ዓይነት፣ ለክንፍ ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ይወጣል። ጂን መቆጣጠር ማብሪያ ላይ አያልቅም።

ጂም ብገባ ጂኔ ይቀየራል?

ፊደሉ አይቀየርም። የሚቀየረው ንባቡ ነው። ጡንቻህ ሲደክም አንዳንድ ጂኖች በርታ ብለው ይነበባሉ፣ አንዳንዶቹ ቀዝቀዝ ይላሉ። ጂሙን ስታቆም ንባቡም ይመለሳል። የወሩን ክፍያ በከንቱ አትክፈል።

ይሄ ሁሉ ለሰው ምን ይጠቅማል?

የሚኒባሷ እናት የጠየቁኝ በትክክል ይሄን ነው። ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ የልቡ ነበር።

የቲንማን ሥራ ትንኝ ላይ የታወቀው በ1993 ነው። በ1998 የሰው ዘመዱ ኤንኬኤክስ2-5 የተበላሸባቸው ቤተሰቦች ተገኙ፤ ልጆቻቸው ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር ነበረባቸው። ትንኟ ባትኖር የት ቦታ መፈለግ እንዳለበት ማን ያውቅ ነበር? ስቲክስ ኤንድ ስቶንስ የሚባለው የተቀላቃዮቹ ፕሮቲን ደግሞ እኛ ዘንድ ኔፍሪን የሚባል ዘመድ አለው። ኔፍሪን ያለው ኩላሊት ውስጥ ነው፤ ሽንት የሚያጣራው ወንፊት ላይ። እሱ የተበላሸበት ሕፃን ፕሮቲን በሽንቱ ያፈስሳል። አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ሙያ።

ሚር-1 የሚባል በጣም አጭር አርኤንኤም አለ። ፕሮቲን አይሠራም፤ የሌሎችን ግልባጭ ያፍናል። ትንኟ ውስጥ ትዊስት ያበራዋል። እሱ የሌላት እጭ ትፈለፈላለች፤ መብላትና ማደግ ስትጀምር ግን ጡንቻዋ ይበላሽና ትሞታለች። ይሄው አርኤንኤ በእኛም ልብና ጡንቻ ውስጥ አለ። ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉትን እነዚህን አጫጭሮች ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በ2024 ኖቤል ወስደዋል።

ለጡንቻ መድከም በሽታዎችም ትንኟ ሞዴል ናት። ወንዶች ልጆች ላይ የሚበረታው የዱሼን በሽታ የሚመጣው ዲስትሮፊን የሚባለው ጂን ሲበላሽ ነው፤ ትንኟም የራሷ ዲስትሮፊን አላት። በ2017 ደግሞ የጎልማሳ ትንኝ ጡንቻ ላይ የተጎዳውን የሚጠግኑ ሴሎች እንዳሉ ታየ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሴሎች መኖራቸው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ትንኝ ግን የላትም ይባል ነበር።

እናትየዋ ሰምተው ሲጨርሱ «እና ለጉልበቴ መድኃኒት አለህ?» አሉኝ። የለኝም። ትንኟ የምትሰጠው ካርታ ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ ረጅም መንገድ ነው።

የደሴዋና የኮምቦልቻዋ ትንኝ ጡንቻቸው ይለያያል?

ይሄን የጠየቀችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ከምወደው ጥያቄ አንዱ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ትንኝ ሙቀቷን ከአካባቢዋ ነው የምታገኘው። 25 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የሚፈጅባት ዕድገት 18 ዲግሪ ላይ 19 ቀን ያህል ይወስዳል። ብርድ ላይ ያደገችው በአካል ትንሽ ትበልጣለች። የጡንቻው ካርታ ግን ያው ነው። 30 እዚህ፣ 30 እዚያ። ንባቡ ሁሉ በአንድነት ይዘገያል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መለዋወጫ ማብሪያ ነው። ስኔይል ለምሳሌ ሜሶደርም ውስጥ የሚያበሩት ሁለት ኢንሃንሰሮች አሉት። በደህና ቀን አንዱ ብቻውን ይበቃል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን አንዱ የተነሳባቸው ፅንሶች ላይ ያ የሆድ ስርጉድ ይበላሻል። ሁለቱ ሲኖሩ ሙቀቱን ይችሉታል።

ቤት መሞከር የፈለገ ሁለት ጠርሙስ ይበቃዋል። ጠቆር ያለ ሙዝ ቁራጭ አስገቡ። አንድ ቀን ክፍት ትታችሁ ትንኝ ሲገባ አፉን በጨርቅ እሰሩ። ሳምንት ገደማ ሲሆን ነጫጭ እጮች መስታወቱ ላይ ሲወጡ ታያላችሁ። አጉሊ መነጽር አቅርቡ። ከጭራ ተነስቶ ወደ ራስ የሚሄድ ማዕበል ይታያል። ያ ማዕበል እነዚያ 30ዎቹ ናቸው፤ ክፍል በክፍል እየተቀባበሉ የሚኮማተሩት። ቀጥሎ መስታወቱ ላይ ቡናማ ፍሬ የመሰሉ ፒውፓዎች ይለጠፋሉ። ቀኑን ጻፉ።

ተማሪዋና እኔ አንድ ቀን አንድ ዓይነት ጠርሙስ አዘጋጅተን አንዱን እሷ ኮምቦልቻ፣ አንዱን እኔ ደሴ አስቀመጥን። የእሷ ትንኞች መብረር ሲጀምሩ ደወለችልኝ። የእኔዎቹ ገና መስታወቱን ይሳቡ ነበር።